እትዬ ሃሎ ራውተሩን የመለሱ ዕለት

እትዬ ሃሎን እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራ ሰው በሰፈሩ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የስልክ ማዞሪያ ፊት ተቀምጠው «ሃሎ» ሲሉ ኖሩ። ማዞሪያው በአዲስ መሣሪያ ተተክቶ ጡረታ ሲወጡ ወንበሩ እዚያው ቀረ፤ ስሙ ግን ተከትሏቸው ቤት ገባ። መጀመሪያ ቅር ይላቸው ነበር። ኋላ ሰው በሠራው ሥራ ቢጠራ ምን ነውር አለው ብለው ተቀበሉት።

ባለቤታቸው አናጺ ነበሩ። ሁለት ክፍልና አንዲት በረንዳ ያላትን ይህችን ቤት ቅዳሜና እሁድ እየሠሩ፣ ስድስት ዓመት ፈጅተው ያቆሟት እሳቸው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ሳሎን ውስጥ ድንገት ወድቀው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሃሎ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው፤ ብቻቸውን ለመኖር ደግሞ በየጊዜው መዋጋት ነበረባቸው።

የሚዋጉት ከማን ጋር ነው ቢባል፣ ከገዛ ልጃቸው ጋር። ቤተሰቡ «ሥራ አስኪያጁ» ይለዋል። በእርግጥም የአንድ መድን ድርጅት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ስሙ ግን ከሥራው በፊት የነበረ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ሳህን የሚያጥብበትን፣ ውሃ የሚቀዳበትንና አባቱ ከሥራ የሚገባበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ልጅ ነው። እናቱን መውደዱ እውነት ነው። ችግሩ የሚወደውን ሁሉ ካላስተዳደረ እንቅልፍ አይወስደውም።

ባለፈው ዓመት እትዬ ሃሎ የበረንዳውን ደረጃ ስተው ወደቁና ቁርጭምጭሚታቸው ተጎዳ። ሦስት ሳምንት አነከሱና ዳኑ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልዳነም። በሳምንቱ አንዲት እንቁላል የምታህል ነጭ ካሜራ ይዞ መጣና ሳሎን ውስጥ፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ከአባቱ ፎቶግራፍ አጠገብ አስቀመጣት። ስትሠራ ሰማያዊ መብራት ታበራለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱን ከቢሮው ሆኖ በስልኩ ያያቸዋል፤ ሲናገሩም ይሰማቸዋል።

የሚያይ ሰው ደግሞ ዝም አይልም። እማዬ ወንበር ላይ ለምን ወጣሽ? እማዬ ሰባት ሰዓት ሆኗል፣ ምሳ አልበላሽም እኮ። እማዬ ያቺ ሴትዮ ማናት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ ምን ታወራለች? እትዬ ሃሎ ዳንቴል መሥራት ይወዳሉና አንድ ቀን የሚያምር ክብ ዳንቴል ሠርተው ካሜራዋን አለበሷት። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ስልካቸው ጮኸ። ሁለት ጊዜ ገመዷን ነቀሉት፤ ሁለቱንም ጊዜ «እማዬ እንደ ልጅ መደበቅ ጀምራለች» የሚል ወሬ ለዘመድ ሁሉ ተዳረሰ፤ ከሩቅ ያሉት የአክስት ልጆች ሳይቀሩ እየደወሉ መከሯቸው። እትዬ ሃሎ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይሉና ብቻቸውን ያጉተመትማሉ፤ ቀጥለውም ማጉተምተማቸውን ልጃቸው እንደሰማው ትዝ ይላቸውና የባሰ ይናደዳሉ።

ይህን ንዴት ለመረዳት የማዞሪያን ሥራ ማወቅ ይጠይቃል። ሥራው አንድ ሕግ አለው፤ አገናኝና ውጣ። ጠሪውን ከተጠሪው ጋር ካያያዙ በኋላ ከመስመሩ ላይ ጆሮን ማንሳት ነው። በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ስንት ሐኪም ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል፣ ስንት ሰው የሞት መርዶ ተረድቷል። እትዬ ሃሎ ሁሉንም አገናኝተው ከሁሉም ወጥተዋል። አንዲት የሥራ ባልደረባቸው መስመር ላይ ጆሮዋን እየተወች ወሬ ስታመላልስ ደርሰውባት ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገሯትም። እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው በስተርጅና ሳሎናቸው ውስጥ የማይወጣ ጆሮ የተተከለባቸው።

ታዲያ ለምን ታገሡ? ስምምነት ስለነበረ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቤቷን አከራይቶ እናቱ እሱ ጓሮ ባለችው ክፍል እንዲኖሩ ይፈልጋል። ክፍሏ ንጹሕ ናት፣ የራሷ መታጠቢያ አላት፣ የምታየው ግን የጎረቤትን ግንብ ነው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እትዬ ሃሎ በንዴት አንድ ቃል ወረወሩ፤ ሥራዬን እየሠራሁ፣ ቤቴን እየያዝኩ፣ ሰው ሳልጠራ እኖራለሁ፣ መስመሬ ተቋርጦ ሰው ሳይመጣልኝ መመለስ ያቃተኝ ቀን ያን ጊዜ ና ውሰደኝ አሉት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሥራ አስኪያጁ በማግሥቱ ቃላቸውን አስተይቦ መጣና አስፈረማቸው፤ ካሜራዋን ከከለከሉ የቤቱን ጭቅጭቅ መልሶ እንደሚያነሳው ስለሚያውቁ ታገሡ።

ሥራዬን ያሉት እውነተኛ ሥራ ነው። በአካባቢው ያለ አንድ የሕፃናትና የእናቶች ክሊኒክ የቀጠሮ ስልኩን የሚቀበልለት ሰው ፈልጎ፣ ክሊኒኩን የምትመራው ሲስተር እትዬ ሃሎን ከሆስፒታሉ ዘመን ጀምሮ ታውቃቸው ነበርና ሥራውን ሰጠቻቸው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ቤታቸው ተቀምጠው ስልክ ያነሳሉ፣ ቀጠሮ በላፕቶፕ ይመዘግባሉ። የክሊኒኩ ባለሙያ መጥቶ የጠረጴዛውን ስልክ ከቤታቸው ራውተር ጋር በገመድ አገናኘው፤ የክሊኒኩ መስመርም ሆነ ከኢንተርኔት ድርጅቱ ጋር የሚያያዝበት መለያ ራውተሩ ውስጥ ተሞላ።

ባለሙያው ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል እትዬ ሃሎ የዚህ ማዞሪያ ወረቀቱ የት አለ ብለው ጠየቁት። ግራ ገባው። በእሳቸው ዘመን የትኛው መስመር የት እንደተሰካ የሚያሳይ ወረቀት በየሳምንቱ ቅዳሜ እየታደሰ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ማዞሪያው ቢቃጠል እንኳ በወረቀቱ መልሶ ማቆም ይቻላል። ሰውዬው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ወረቀቱን ሳያዩ እንደማያስወጡት ሲገባው የራውተሩን ቅንብር በሙሉ አንድ ፋይል አድርጎ በፍላሽ ላይ አስቀመጠላቸው፤ እንዴት እንደሚመለስም በደብተራቸው ጻፉ፣ እየጻፉም ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ፍላሿን በብስኩት ቆርቆሮ ከተው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀሏት።

አሁን ወደ ዕለቱ እንምጣ። ማክሰኞ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ መብራት ድርግም ብሎ ተመለሰ፤ ራውተሩ ግን አብሮ አልተመለሰም። አረንጓዴ መሆን ያለበት መብራት ቀይ ሆኖ ቀረ። ነቅለው ሰኩት፤ ቀይ። የጠረጴዛውን ስልክ አንስተው አዳመጡ፤ ጭጭ ብሏል። እትዬ ሃሎ አልደነገጡም፤ መስመር ሲቋረጥ የሚደነግጥ ሰው ሃያ ዘጠኝ ዓመት አይቆይም። በእጅ ስልካቸው ለኢንተርኔት ድርጅቱ የእርዳታ መስመር ደወሉ።

ያነሳችው ሴት ትሑት ነበረች። ከራውተሩ ጀርባ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ጉድጓድ አለች፣ በመርፌ ነካ አድርገው ይልቀቋትና ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ አለቻቸው። እትዬ ሃሎ መርፌያቸውን አምጥተው መነጽራቸውን አስተካከሉና ቀዳዳዋን አግኝተው ተጫኑ።

እዚህ ላይ ነው እጃቸው የከዳቸው። በድሮው ማዞሪያ የጥሪ ቁልፍ ተጭኖ አይለቀቅም፤ ከወዲያ ያለው ሰው እስኪያነሳ ድረስ ይያዛል። ቶሎ የለቀቀ ጥሪውን አጣው ማለት ነው፤ ለእትዬ ሃሎ ጣት መጫንና መያዝ አንድ ነገር ነው። ሴትየዋ ይልቀቁት ማለቷን ጆሯቸው ሰምቷል፤ ጣታቸው ግን የሚያውቀውን ሠራ። መርፌውን ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ መብራቶቹን እያዩ ጠበቁ። አሥር ሲቆጥሩ መብራቶቹ በሙሉ አንድ ላይ ጠፉ።

«እስካሁን ይዘውታል እንዴ እናቴ?» አለች ሴትየዋ።

«ይዤዋለሁ።»

ቀጥሎ ሴትየዋ ቀስ ብላ አስረዳች። ቀዳዳዋ ተነክታ ከተለቀቀች ራውተሩ ይነሳል፤ ተይዛ ከቆየች ግን የተሞላበትን ሁሉ ይፋቃል፤ አሁን ከፋብሪካ እንደወጣ ባዶ ሆኗል፤ ባለሙያ ከነገ ወዲያ ይላክልዎታል። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይኼ ነው። እትዬ ሃሎ አመሰግናለሁ ብለው ዘጉ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረምና አልተቆጧትም። ተቆጥተው የነበሩት በገዛ ጣታቸው ላይ ነው።

ለሲስተር ደውለው እውነቱን ነገሯት። ሲስተር ሰው ወዳድ ናት፣ ነገር ግን ባለፈው ወር በክሊኒኩ በኩል መስመሩ ለሁለት ቀን ተቋርጦ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው በር ላይ ተሰልፈው ነበር። እስከ ሦስት ሰዓት ትጠብቃለች። ከዚያ ካለፈ መስመሩን በክሊኒኩ ፋርማሲ ለምትሠራው ሴት ለመስጠት ትገደዳለች፤ የተሰጠ መስመር ደግሞ ዳግመኛ አይመለስም፤ ይቅርታ እትዬ አለች። እትዬ ሃሎ የልጃቸውን ወረቀት አሰቡ። ሥራው ከሄደ ቃላቸው ይመጣል፤ ቃላቸው ከመጣ የጎረቤት ግንብ ይጠብቃቸዋል። ሰዓቱ ሁለት ከሃያ አምስት ነበር።

የእጅ ስልካቸው ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው። ካሜራዋ እንደጠፋችበት ነግሮ፣ እናቱ ምን እንደሆኑ፣ ደህና መሆናቸውን በአንድ ትንፋሽ ጠየቀ። ራውተሩ እንደተፋቀ ነገሩት። በዚያ ለሠራተኞቹ በሚናገርበት ለስላሳ ድምፅ እንዳይጨነቁ፣ ስብሰባውን ጨርሶ አራት ሰዓት ላይ ከመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ጋር እንደሚደርስ ነገራቸው። ስለ ቤቱ ጉዳይም በዚያው ተረጋግተን እንነጋገራለን አለ። እትዬ ሃሎ አትምጣ አሉት። ቀድሞ ዘግቶት ነበር።

ስልኩን አስቀምጠው ቀና ሲሉ የካሜራዋ ሰማያዊ መብራት ጠፍቶ አዩ። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሳይደበቁ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ቤታቸው ውስጥ የሚያያቸው ሰው የለም። ጊዜ አልነበራቸውም፤ ቢሆንም አንድ ደቂቃ ወሰዱ። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ጠረጴዛው ላይ ሰቀሉ፣ መቀነታቸውን ፈቱ፣ ስለ ሥራ አስኪያጆች በጠቅላላው የሚያስቡትን ጮክ ብለው ተናገሩ። ደስ አላቸው። ቀጥለው ወንበሩን ጎትተው ቁም ሣጥኑ ሥር አቆሙና፣ አሥራ አንድ ወር የተከለከሉትን፣ ወጡበት። የብስኩቱ ቆርቆሮ በሁለት እጃቸው ወረደች።

ደብተራቸውን ገለጡ። ላፕቶፑን በቢጫው ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙት። ከራውተሩ ሆድ ሥር የተለጠፈች ወረቀት ላይ በነጥብ የተለያዩ ቁጥሮች፣ አንድ የመግቢያ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ተጽፈዋል፤ ፊደሎቹ ቅማል ያክላሉ። የባለቤታቸውን አጉሊ መነጽር አምጥተው በመስኮቱ ብርሃን አነበቡ። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ ዜሮን ኦ ብለው ነበር። ሁለተኛውም አልተሳካም። ሦስተኛው ላይ የራውተሩ ገጽ ተከፈተ። ቀጥሎ በደብተሩ መሠረት የመሣሪያው ጥገና የሚለው ክፍል፣ ከዚያ ቅንብር ማስቀመጫና መመለሻ። ፍላሿን ሰኩ። ፋይሉ አለ። «መልስ» የሚለው ቁልፍ ከፊታቸው ቆመ።

ጣታቸው ቁልፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይህ ፋይልም ወረቀት ነው። የክሊኒኩን መስመር ብቻ አልነበረም የያዘው። የድሮውን የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ይዟል፤ ያን ስምና ያን ቃል ደግሞ ካሜራዋ በልቧ ታውቀዋለች። ፋይሉ በተመለሰ በደቂቃው ሰማያዊው ዓይን ይከፈታል። ካልመለሱት ግን ክሊኒኩም የለም፣ ቤቱም የለም።

ገመዷን መንቀል ይችሉ ነበር። ሞክረውት ያውቃሉ። የነቀለ ሰው ተደበቀ ይባላል፤ የሚደበቅ ደግሞ ያጠፋ ሰው ነው። እሳቸው በገዛ ቤታቸው ውስጥ ምን አጠፉ? ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሰው ምስጢር ሳይሰሙ ያሳለፉ ሴት፣ ምሳቸውን መቼ እንደበሉ የሚሰልልባቸው ዓይን ፊት እንደ ሌባ ገመድ ሊነቅሉ ነው? ደማቸው ፈላ። ፈልቶም ነገሩን አጠራላቸው። «መልስ» የሚለውን ተጫኑ፤ አሁን ግን ተጭነው ወዲያው ለቀቁ።

ራውተሩ ጠፋ። ሁለት ደቂቃው ሁለት ዓመት መሰላቸው። መጀመሪያ አንድ መብራት በራ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ብልጭ ድርግም አለ፣ ሦስተኛው ቀይ ሆኖ ቆየ፣ ቆየና አረንጓዴ ሆነ። የጠረጴዛውን ስልክ አነሱ። ያ የሚያውቁት ወጥ ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ ገባ። ለሦስት ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ዓይናቸው ረጠበ፤ ጠረጉት። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰማያዊው መብራት በራ፤ የእጅ ስልካቸውም ተከትሎ ጮኸ።

«ተመለሰ እኮ እማዬ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አየሽ፣ አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይነሳል። ወንበሩ እዚያ ምን ይሠራል? ወጥተሽበታል አይደል?»

«ወጥቻለሁ። በራሱ ጊዜም አልተነሳም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የመለስኩትም እኔ ነኝ።»

«ማን መጥቶ ረዳሽ?»

«ማንም።»

አላመናቸውም። ለማንኛውም ባለሙያው መጥቶ ቢያየው ጥሩ እንደሆነ፣ ለእርዳታ መስመሩ መደወላቸውም እኮ ሰው መጥራት እንደሆነ፣ ወረቀቱን በጥሞና ቢያነቡ እንደሚገባቸው አስረዳ።

«እነሱ ከነገ ወዲያ እንመጣለን ነው ያሉት» አሉት። «መስመሩ የተመለሰው ዛሬ ነው። ባለሙያውን ከመንገድ መልሰው። አሁን ደግሞ የማደርገውን ልብ ብለህ ተመልከት፤ ሁልጊዜ ስሳሳት ብቻ ነው የምታየኝ።»

ላፕቶፑን ካሜራዋ ወደምታይበት አዙረው የዋይፋዩን ገጽ ከፈቱ። የድሮውን የይለፍ ቃል አጥፍተው አዲስ መጻፍ ጀመሩ፤ ፊደሎቹ በነጠብጣብ ተሸፍነው አንድ በአንድ ተሰለፉ። የጠረጴዛው ስልክም ላፕቶፑም በገመድ የተያያዙ ናቸው፤ የዋይፋዩ ቃል ቢቀየር ምንም አይሆኑም። በቤቱ ውስጥ በዋይፋዩ የተንጠለጠለችው ካሜራዋ ብቻ ናት።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው አገናኝቼ ወጥቻለሁ» አሉ ቀና ብለው፣ ሰማያዊዋን መብራት እያዩ። «አንተ ቤቴን ከቢሮህ ጋር አገናኝተህ ሳትወጣ ዓመት ሊሞላህ ነው። መደበቅ ብፈልግ ዳንቴል አላጣሁም። አልደበቅም። እየነገርኩህ ነው፣ ከልክዬሃለሁ።»

«እማዬ፣ ቆይ...»

አስቀምጥ የሚለውን ተጫኑ። ሰማያዊዋ መብራት ቀይ ሆነች፤ ብልጭ ድርግም እያለች የማታውቀውን ቃል ፈለገች፣ ፈለገችና አጣች። እትዬ ሃሎ የእጅ ስልካቸውን ዘግተው ለሲስተር ደወሉላት። ሦስት ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያዋ እናት ደውላ ልጇ ትኩሳት እንዳለበት ስትናገር ያነሱላት እሳቸው ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ባለሙያውን አላመጣም። ፊቱ ቀልቷል፣ ለመናገር አፉን ከፍቷል፤ እናቱ ግን ስልክ ላይ ስለነበሩ አንድ ጣታቸውን አንስተው እንዲጠብቅ አዘዙት። አንድ ሽማግሌ ለሚስታቸው ቀጠሮ ይፈልጋሉ፤ ሕመሟን በስልክ መናገር ግን አፍረዋል። እትዬ ሃሎ አልጠየቋቸውም። ማንን ብታነጋግር እንደሚቀላት ብቻ ጠይቀው ሐሙስ ከሴት ሐኪም ጋር ቀጠሮ ያዙላቸው፣ ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ሲመርቁ ሦስት ጊዜ አሜን አሉ። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ሰማ። እናቱ ሲሠሩ ከዚህ በፊት ያየው በስልኩ፣ ከላይ፣ ፀጉራቸውን ብቻ ነበር።

«ፓስወርዱን ስጪኝ» አለ ስልኩ ሲዘጋ።

«አልሰጥህም።»

«ብትወድቂስ? እዚህ ወድቀሽ ማንም ሳያይሽ ብትቀሪስ?»

«ከወደቅሁ እወድቃለሁ። ፓስወርዱን ግን አልሰጥህም።»

እንደሚቆጣ ጠብቀው ነበር። እሱ ግን ያንኑ ወንበር ስቦ ተቀመጠና መሬት መሬት እያየ አንድ ነገር ተናገረ። አባቱ የሞተ ቀን እናቱ አሥራ አንድ ጊዜ ደውለውለት ነበር። ስብሰባ ላይ ስለነበር ስልኩ ድምፅ አልነበረውም። አሥራ አንዱንም ያየው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ይቆጥራቸዋል። ይህን ሲናገር ድምፁ የሥራ አስኪያጅ አልነበረም።

እትዬ ሃሎ ከወንበራቸው ተነሱ። ሄደው ራሱን ዳበሱት። ያሳደጉት ልጅ ነው፣ የሚወዱት ልጅ ነው። ቢሆንም ከቃላቸው አልተመለሱም።

«ያኔ ብታነሳውም አባትህ አይተርፍም ነበር» አሉት። «እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ዓይኔ እያየው፣ እጄ እጁን ይዞ ነው የሄደው። ማየት ሰው አያተርፍም ልጄ። ይህን ሁሉ ወር አይተኸኛል፣ አንድ ቀን ግን ደህና አደርሽ ብለህ አልደወልክልኝም። የደወልከው ወንበር ላይ ስወጣ ነው።»

በዚያው እትዬ ሃሎ የቤቱን ጉዳይ ዳግመኛ እንዳያነሳ ጠየቁት፤ አላነሳም አለ። ሌላ ስልክ ጮኸ፣ አነሱ፣ ቀጠሮ መዘገቡ። ሲዘጉ ልጃቸው ወንበሩ ላይ ወጥቶ ካሜራዋን አውርዶ ገመዷን በእጁ ላይ እየጠቀለለ ነበር። ከዚያም፣ ሥራ አስኪያጅ ነውና፣ ለድንገተኛ ጉዳይ ብቻ ቢሆንስ ብሎ ፓስወርዱን አንዴ ጠየቀ። እንቢ አሉት። ፈገግ ሳይል አልቀረም።

ካሜራዋን ኪሱ ከቶ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ዘወር አለ።

«ጠዋት ጠዋት በስንት ሰዓት ብደውልልሽ ይመችሻል?»

ልጃቸው በሕይወቱ ሙሉ ሰዓት ሲነግራቸው እንጂ ሰዓት ሲጠይቃቸው ሰምተው አያውቁም። የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። እጃቸውን እጀታው ላይ አሳርፈው ቀና አሉ።

«ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት» አሉት። «ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ ነኝ።»